በቤቱ የሚኖር ሰው ብዛት

ጉለሌ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

ይህ ወረቀት ካለሽበት ሲደርስ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝሽ እየለመንኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ያ የወባ ትኩሳት ተመልሶ አልጎበኘሽም ወይ? ወንዙ ሞልቶ መንገዱን እንደቆረጠባችሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካምፕ ውስጥ ተዘግታችሁ በሩዝ ብቻ እንደከረማችሁ ሾፌራችሁ ጉዲና ነገረኝ። ፒካፑን ይዞ መለዋወጫ ሊወስድ አዲስ አበባ ሲመጣ ነው ያገኘሁት። ከስታለች ግን ደህና ናት አለኝ። ተመስገን ብያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። የቀረውን ወደ ታች እጽፍልሻለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድን ነው ትይኝ ይሆናል። ወንዙ ሳይሞላ በፊት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥተሽ ስትደውዪልኝ ሦስት ጊዜ አላነሳሁም። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ ስምሽ እስኪጠፋ አየሁት። ድምፄን ታውቂዋለሽ። ገና አቤት ስል ትይዥኛለሽ። በወረቀት ከሆነ ግን እስክጨርስ የሚያቋርጠኝ የለም ብዬ ነው።

የምጽፍልሽ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ካለች አንዲት ክፍል፣ እናትሽ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው። ዕቃቸውን እየሰበሰብኩ ነበር፤ መሃል ላይ ተውኩትና ወረቀት አወጣሁ። እናቴ ደግሞ መቼ ክፍል ተከራየች ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ቡርቱካን ከምትባል እንጨት ተሸካሚ ጋር ነው የተከራዩት። ለጉልበቴ ጠበል ገብቻለሁ ብለው በስልክ የነገሩሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ መስቀልን አብረን ውለን ወደ ሥራሽ በተመለስሽ በወሩ እኔም ሥራ ማግኘቴን ታውቂያለሽ። ምን እንደሆነ ግን አብራርቼ አልነገርኩሽም። ለአዲሱ መንገድ የሚነሱ ቤቶችን የሚመዘግብ ቡድን ነበር። ታብሌት ሰጡን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሰጡን፣ ሁለት ቀን አሠለጠኑን። አለቃችን ኪሩ የሚባል የዊንጌት ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ከላይ ይቸኩሉበታል መሰለኝ።

ጥያቄው አርባ ሁለት ነው። ግድግዳው ከምን ተሠራ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሽንት ቤቱ የግል ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ ለስንት ቤተሰብ? ስድስተኛው ጥያቄ «በቤቱ በቋሚነት የሚኖር ሰው ብዛት» ይላል። ከሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ሰው ግን እዚያ ላይ ሲደርስ ነው የሚቸገረው። አንድ ሰውዬ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ አራት ነን አለኝ። ልጁ ሦስት ብላ ስታርመው ዝም ብሎ ሰማትና መልሶ አራት አለ። አንዲት ሴት እስር ቤት ያለ ወንድሟን ቁጠሪልኝ፣ ሲወጣ የት ይገባል ብላ እጄን ያዘችኝ። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። እንዴት ትተኛላችሁ ስላቸው በፈረቃ ብለው ሳቁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሆዴን ያባባኝ ነበር። ስገባ ሻይ ይቀዱልኛል፣ ቆሎ ያቀርቡልኛል፤ ቤታቸውን ለማፍረስ የምጽፍ ሳልሆን የምሰጥ ይመስል ይመርቁኛል። ወደ መቶ ቤት ስጠጋ ግን አንድ ነገር ውስጤ ዝም አለ። ጣቴ ቁጥሩን ይነካል፣ «ቀጥል» የሚለውን ይነካል፣ እግሬ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ሰው ሲያለቅስ ጥያቄዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ ሲያበቃ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አሁንም ከዚያ የወጣሁ አይመስለኝም። ደብዳቤው ቢደርቅብሽ ስለዚህ ነው፣ ስለማይገደኝ አይደለም።

አንድ ነገር ላስረዳሽ። በቀበሌ ቤት ውስጥ ከተከራየው ቤተሰብ ውጭ የሚኖር ሰው ካለ «ደባል» ተብሎ ይመዘገባል። ያን ስትነኪ ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ሰነድ ይጠይቃል፣ ምስክር ይጠይቃል። ኪሩ ሲያሠለጥነን፣ ደባል ያለበት ቤት ፋይሉ ለብቻው እንደሚቀመጥ፣ ተጣርቶ እስኪያልቅ ምትክ ቤት እንደማያገኝ፣ ተጣርቶ ሲያልቅም ምትኩ ለሁለት ሊካፈል እንደሚችል ነግሮናል። ሰምቼው ነበር። ስሰማው የማን ቤት ትዝ እንዳለኝ መገመት አያቅትሽም።

የራሳችንን ቤት መመዝገብ ያለብኝ እኔ አልነበርኩም። ሩታ የምትባል ልጅ ናት የተመደበችው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሩታ አሟት ቀረች፤ ኪሩ ደውሎ ያቺን መስመር አንቺ ዝጊያት፣ ከዛሬ ማለፍ የለባትም አለኝ። የእኛም ቤት አለበት አልኩት። እንግዲያማ ቶሎ ትጨርሻለሽ፣ የምትጠይቂው የለሽ አለኝ።

እማዬ ደጅ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። እናትሽ ጓዳ ውስጥ ጥጥ ይፈትላሉ። ታውቂያለሽ፣ መካከላችን ያለው ያ መጋረጃ ብቻ ነው። እንዝርቱ ሲሽከረከር ይሰማኛል። ደፍ ላይ ተቀመጥኩና እንደማንኛውም ሰው ቤት ጥያቄውን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ግድግዳ፣ ጭቃ። ጣሪያ፣ ቆርቆሮ። እማዬ አንዳንዱን ትመልሳለች፣ አንዳንዱን እኔው እነካዋለሁ። ስድስተኛው ላይ ደረስኩና አነበብኩት። በቤቱ በቋሚነት የሚኖር ሰው ብዛት።

የእማዬ እጅ ምስሩ ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። እንዝርቱም ቆመ።

«ሁለት» አልኩ።

ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ። ቁጥሩን ነካሁት፣ «ቀጥል» የሚለውን ነካሁት። እማዬ መልቀሟን ቀጠለች። እንዝርቱ ግን ቆየት ብሎ ነው የጀመረው።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ የኪሩን ማስጠንቀቂያ ልነግርሽ እችላለሁ፣ እውነትም ነው። ፋይላችን ቢንጠለጠል እማዬን በዚህ ዕድሜዋ የት እወስዳታለሁ ብዬ አስቤ ነበር፣ እሱም እውነት ነው። ከሁሉ በታች ያለው ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን ዘግቼው የምተኛበት የራሴ በር ኖሮኝ አያውቅም። ምትኩ ሳይካፈል ከደረሰን ባለ ሁለት መኝታ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። በር ፈለግሁ። ይኸው ነው።

አንቺ የዚያን ጊዜ አራት ዓመትሽ ስለነበር አታስታውሺውም፤ እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነበር። እናትሽ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው፣ አንቺን ከፊት እየነዱ ሲወርዱ ዝናብ ያዛችሁና ደጃችን ተጠለላችሁ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ አውጥቶ መጣና እስኪያባራ ግቡ አላችሁ። በኋላ፣ እናትሽ የእሱን ጥጥ እየፈተሉ ጓዳው የእናንተ ሲሆን፣ «ያ ዝናብ እስከ ዛሬ አላባራም» እያለ ለሰው ሁሉ ይነግር ነበር። ቀበሌ ወስዶ ሊያስጽፋቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። እናትሽ ናቸው ያስተዉት፤ ውጪ ያለኝ የለ፣ ስሜን በየቢሮው ለምን አዞራለሁ ይሉ ነበር። ስለዚህ እዚያ ቤት ሃያ አምስት ዓመት መኖራቸውን የሚያውቅ ወረቀት አልነበረም። የምናውቀው እኛ ነን።

ዝርዝሩ ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የአጥር ጎረቤታችን ጋሽ ኃይለ መለኮት መነጽራቸውን አድርገው የሰፈሩን ስም ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። በማግሥቱ መንገድ ላይ አስቆሙኝና ልጄ፣ አንድ ሰው ረስተሻል አሉኝ። ሰው አልሰማንም። አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። አሥር ቀን ጠበቁኝ። በአሥረኛው ቀን ማስተካከያው ሲዘጋ አይቼ ዝም አልኩ፤ እሳቸውም አወቁ።

ታኅሣሥ ላይ አጣሪዎቹ መጡ፤ ሁለት ወንዶችና መዝገብ የያዘች አንዲት ሴት። እኔ ባጄን አድርጌ ከእነሱ ጋር ነኝ፣ ሥራዬ ነውና ቤት ለቤት አሳያቸዋለሁ። ደጃችን ስንደርስ ጋሽ ኃይለ መለኮት በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እዚህ ቤት የተመዘገበው ሁለት ነው፣ የሚኖረው ግን ሦስት ነው፣ ስማቸው ወይዘሮ የዓለምወርቅ ይባላል፣ ጥሩአቸው አሉ። እኔን ለማሳጣት አልነበረም። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

እናትሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሴትየዋ እዚህ ቤት ይኖራሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እናትሽ እኔን አላዩኝም። እማዬንም አላዩዋትም። ጋሽ ኃይለ መለኮትን ትንሽ አዩዋቸውና ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«እኔ እንግዳ ነኝ ልጆቼ» አሉ። «ከአገር ቤት ጠበል ልጠመቅ መጥቼ ነው ያረፍኩት። ሰሞኑን እሄዳለሁ።»

ጋሽ ኃይለ መለኮት ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እናትሽ እንደገና ሲያዩዋቸው ዘጉት። ሴትየዋ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገችና እግዜር ይማርዎ እናቴ አለቻቸው። አሜን አሉ። እኛ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን። እህቴ፣ በዚያ ቀን ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ቤት አሳየሁ። ምሳም በላሁ።

ማታ ቤት ገባሁ። እማዬ ሽሮ ሠርታ ነበር፤ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። እናትሽ እንደ ወትሮው ከፊታቸው ያለውን ወጥ ወደ እኔ ገፋ ገፋ ያደርጉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፍራሻቸውን ጠቀለሉ። እማዬ ቢያንስ ቤቱ እስኪፈርስ ይቀመጡ ብላ ለመነቻቸው። እንግዳ ነኝ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል፤ ተመልሰው መጥተው ቢያገኙኝ ልጅቷን ነው የሚያስቸግሯት አሉ። ልጅቷ ያሉት እኔን ነው።

ፍራሹን ተሸክሜ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ዳገቱ መሃል ድንጋይ ላይ አረፍን። ዕድሜ ልኬን ባዶዬን እየወጣሁ ተሸክሜ ነው የምወርደው፣ ዛሬ ተገላበጠ ብለው ፈገግ አሉ። ፍራሹን መልሼ ተሸከምኩ። 

ቤታችን የፈረሰው ጥር ላይ ነው። ኤክስካቫተሩ ከነካው እስከ ወደቀ ድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው፤ ሰዓቴን ይዤ ነበር። ጭቃው ሲነሣ የአባዬ የሽመና ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ታየ፣ ከዚያ ፍርስራሽ ሞላው። ለእኛም ምትኩ ሳይዘገይ ደረሰን፤ ከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ውሃ የሚወጣው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ በጄሪካን እንሸከማለን። ፀሐይ ግን ያገኛል። የመጀመሪያው ቀን ክፍሌ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ከፈትኩት። እንደገና ዘጋሁት። የሚሰማኝን ነገር ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። እማዬ ከወጥ ቤት ምን ሆንሽ፣ ተበላሸ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያ ሰሞን ደውለሽ ስለ አዲሱ ቤት ስትጠይቂኝ የእናቴ አልጋ በየትኛው በኩል ነው ብለሽኛል። በመስኮቱ በኩል አልኩሽ። እሱን ውሸት ከሁሉም በላይ አስታውሰዋለሁ። አንቺም በዚያው ስልክ፣ የአንድ ሽማግሌ የአባታቸው መቃብር በምትቀይሱት መስመር ላይ ቢያርፍ ችካሉን አራት ሜትር ገፍቼ ከኢንጂነሩ ጋር ተጣላሁ ብለሽ ስታጫውቺኝ ነበር። አራት ሜትር አልኩ በልቤ። እኔን አንድ ቁጥር ነው ያቃተኝ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ እናትሽ እወጣ ነበር፤ ይህን እንኳ እመኚኝ። ለእሷ አትንገሪያት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በረሃ ላይ ሆና ብትናደድ ማን ያበርዳታል፣ ስትመጣ እኔው እነግራታለሁ አሉኝ። ቃሉ ለእኔም ስለተመቸኝ ያዝኩት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ጉልበቴ ዛሬ ተሽሎኛል፣ እስቲ ያን መንገድ አሳዪኝ አሉኝ። ቀስ እያልን ወረድን። ጥሩ መንገድ ነው፤ ይህን ልዋሽሽ አልፈልግም። የእግረኛው መሄጃ ብቻውን የድሮውን መንገድ ያክላል። ጎረቤታችን ጽጌረዳ ምጥ የያዛት ጊዜ አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውን ሲሻገሩ የምናስታውሰው ቦታ አሁን አምቡላንስ ሳይነቀነቅ ያልፍበታል። እናትሽ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ንጣፉን በባዶ እግራቸው ረገጡት፣ እንዴት ይለሰልሳል አሉ። ከልባቸው ነው የወደዱት።

ቤታችን የነበረበት ላይ ሣር ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበርም አለ። የጋሽ ኃይለ መለኮት አጥር ስላልፈረሰ ከእሱ ጥግ እየቆጠሩ በእርምጃ ለኩና አልጋዬ እዚህ ጋ ነበር አሉ። አጠገቡ ባለው ወንበር ተቀመጥን። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። እዚያ ነው የጠየቅኋቸው።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን ለምን እንደዚያ አሉ?»

 ነጠላ ጫማቸውን አጎንብሰው አጠለቁ።

«አንቺ ቀድመሽ ጽፈሽው የለ ልጄ» አሉኝ። «በሰው ፊት ቃልሽን ሐሰት ላድርገው?»

ከዚያ ወሬያቸውን ወደ መንገዱ መብራት መለሱ፤ በጠራራ ፀሐይ ለምን እንደሚያበሩት ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ትንሽ ቆይተን ተነሣን፤ ዳገቱን ደግፌያቸው ወጣን።

ሐምሌ ላይ ብርዱ በረታ። እንጦጦ ሥር ክረምቱን ታውቂዋለሽ፣ ግድግዳው ራሱ ያልባል። ቡርቱካን ደውላ ሳሉ ጠንክሮባቸዋል፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም አለችኝ። ስደርስ ሲተነፍሱ ከደጅ ይሰማ ነበር። ቡርቱካንና ሁለት ጎረቤቶች ተጋግዘን እስከ አዲሱ መንገድ አወረድናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ለመድረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ስም ጠየቀኝ፣ ዕድሜ ጠየቀኝ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ጠየቀኝ። የፈረሰውን ቤታችንን ቁጥር ነገርኩት። ጻፈው። ምናቸው ነሽ አለኝ። ልጃቸው አልኩት። እናትሽ ዊልቸሩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የሰሙ አልመሰለኝም። ሳይገልጡ፣ በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «ሁለት ልጆች አሉኝ በይው» አሉ። ልጁ የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው ፈገግ ብሎ አለፈው። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ እንዲጽፍ ጠበቅሁ። ቀጣይ አለና ሌላ ሰው ጠራ።

ዘጠኝ ቀን ተኙ። እኔና እማዬ በፈረቃ ስናስታምም ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም። በየቀኑ ወንዙ ጎደለ ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ አንቺ ጋ ያለውን ወንዝ ማለታቸው ነው። በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑ ስልክሽ አይሠራም። የካምፓችሁን ቢሮ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ፤ መንገዱ እስኪከፈት መልእክት የሚያደርስ የለም አሉኝ። በስምንተኛው ቀን ጎደለ አልኳቸው። አልጎደለም ነበር። እንግዲያው ትመጣለች አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ስለ አሥረኛው ቀን እዚህ አልጽፍም።

ያለፈው ሰኞ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ በዚያ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ከልጃቸው ጋር መኖራቸውን፣ መዝጋቢዋ እኔ መሆኔን፣ እያወቅሁ መተዌን። ጋሽ ኃይለ መለኮት ምስክር ሆነው ፈረሙ። እማዬ ወረቀቱን አስነብባኝ፣ ቤቱን ልንለቅ እንችላለን አልኳት፤ ብዕሩን አምጪ ብላ እሷም ፈረመች። ከዚያ ወዲህ እኔና እማዬ ብዙ አናወራም፤ በክፋት አይደለም፣ ሁለታችንም ያን ምስር ስለምናስታውስ ነው።

ኪሩ አሁን ጠረጴዛ አግኝቷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበውና ኢየሩ፣ ይህ ነገር ምን እንደሚያስከትልብሽ ገብቶሻል ወይ አለኝ። ቤቱም፣ ሥራውም፣ ምናልባት ፍርድ ቤትም አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። እንግዲህ ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት ባለጉዳይዋ በአካል መቅረብ አለባቸው አለ፤ መታወቂያ ይዘው፣ ራሳቸው መጥተው። አይቀርቡም አልኩት። ለምን ሊለኝ ቀና ሲል ነጠላዬን አየ። አለባበሴን አየ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ አስተካከላቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንግዲያው ወራሽ ትቅረብ» አለኝ።

ያን ቃል እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአንቺ ስም አስቤው አላውቅም ነበር።

እማዬ በደብዳቤ የማይጻፍ ነገር አለ፣ ለእሱ ሰው አለው፣ ሰዓትም አለው ብላኛለች። እኔም አልጻፍኩም። እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ አንቺን ይፈልጋሉ፤ በዚሁ ያዥልኝ። አለቃሽ ፈቃድ እንደሰጠ ጉዲና ነግሮኛል። ወጥ ቤት ያለችው ሙኒያ አብራሽ ትምጣ፣ እንቢ አትበያት፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ። ሻሸመኔ አድራችሁ ማለዳ እንድትደርሱ ለጉዲና አደራ ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ወደ ጋሽ ኃይለ መለኮት ቤት ነው የሚወስድሽ። ሰው በዝቶ ብታዪ አትደንግጪ።

የምጠይቅሽ ይቅርታ አለ፤ ግን ይህን ሁሉ መንገድ በልብሽ ይዘሽው እንድትመጪ አልፈልግም። ሲመችሽ ትመልሺልኛለሽ፣ ወይም አትመልሺልኝም። ፋይሉ ላይ አንቺ የምትፈርሚበት ቦታ ክፍት ነው። ብትፈርሚም ባትፈርሚም የእኔን ቃል አልመልሰውም።

የጸናች እናት አምላክ ልብሽን ያጽናልሽ። ወንዙን በደህና ያሻግርሽ፣ ፊትሽ ያለውን ዳገት ያቅልልሽ። እግርሽ እንቅፋት አይምታው፣ የሚደግፍሽ እጅ አይጥፋ። እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች።

ማለዳ ስትደርሺ እማዬ፣ ጋሽ ኃይለ መለኮትና ቡርቱካን ውስጥ ይጠብቁሻል። እኔን ከፈለግሽኝ ደጅ እሆናለሁ። ካልፈለግሽኝም ደጅ እሆናለሁ።

እህትሽ